ቡችላው ከመምጣቱ በፊት የማን ውሻ እንደሚሆን ይወሰን

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። በአንድ ግቢ ሦስት ቤተሰብ ነን፤ ቤቱ የእኛ ነው፣ ሁለቱ ተከራዮች ናቸው። ኮምቦልቻ ያለችው የባለቤቴ እህት ውሻዋ ወልዳለች፤ አንዱን ወንድ ቡችላ ልትሰጠን ነው። አሁን አንድ ወር ከሳምንት ሆኖታል። ባለቤቴ ሌባ ስለበዛ ቀን ታስሮ ማታ ይፈታ ይላል። የ6 እና የ11 ዓመት ልጆቼ ደግሞ ከእኛ ጋር ይተኛ እያሉ ነው። ከተከራዮቻችን አንዱ ሐጂ ናቸው፤ ምንም አላሉም፣ ግን ደስ እንዳላላቸው ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። እኔ በአግባቡና በፍቅር ልይዘው እፈልጋለሁ። ምን ይጠይቀኛል?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ቡችላው ሳይመጣ መጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ኮምቦልቻ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ የምሰማው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ውሻው ሰው ከነከሰ ወይም ደም ካስቀመጠው በኋላ ነው። ስለ ምግቡ፣ ስለ ክትባቱና ስለ እስሩ በየተራ እነግርዎታለሁ። ከዚያ በፊት ግን ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ አንድ ነገር ወስኑ፦ ውሻው የማን ነው?

ቀላል ጥያቄ እንዳይመስልዎ። በከተሞቻችን አብዛኛው ውሻ የግቢው ነው፤ የግቢው ማለት ደግሞ የማንም ማለት ነው። ያስታወሰ ሰው ፍርፋሪ ይጥልለታል፣ ያላስታወሰው «ሌላው ሰጥቶታል» ብሎ ያልፋል። የውሃ ዕቃው ሲደርቅ ልብ የሚል የለም። ክትባት መጣ ሲባል ሁሉም ሥራ ላይ ነው። የነከሰ ዕለት አከራይ ተከራዩን፣ ተከራይ አከራዩን ያያል። እኔ ካርድ ስሞላ የባለቤት ስም የሚለው ላይ ደርሼ ሰው ሲያመነታ ካየሁ የዚያ ውሻ ነገር ወዴት እንደሚያመራ ይገባኛል።

ሕጉ አያመነታም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም። «በሩን ክፍት የተወው ተከራይ ነው» ማለት አያዋጣም። ስለዚህ ወይ እርስዎ ወይ ባለቤትዎ ስማችሁን ስጡ፤ በየቀኑ መብላት መጠጣቱን የሚያይ፣ ቀጠሮውን የሚያስታውስ አንድ ሰው ይኑር። የ11 ዓመቱ ልጅዎ «የኔ ነው» ቢልም ይህን ለእሱ አይጣሉበት። በደንብ የተያዘ ውሻ 10፣ 12 ዓመት ይኖራል። ልጅዎ ትምህርቱን ጨርሶ ከቤት በወጣበት ጊዜ ውሻው ዐይኑ ደክሞ፣ ወገቡ ከብዶት እርስዎ ግቢ ውስጥ ነው የሚሆነው። ልጆቹ ውሃ ይቅዱለት፣ ፀጉሩን ያበጥሩለት፣ ይሩጡ ይጫወቱ፤ ኃላፊነቱ ግን የትልቅ ሰው ነው።

አሁን ወደ ቡችላው። አንድ ወር ከሳምንት ነው ካሉኝ ገና ነው፣ አያምጡት። ሁለት ወር ይሙላው። ቡችላ ጥርሱን መመጠን የሚማረው ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ሲታገል ነው፤ አጥብቆ ሲነክስ ሌላው ይጮኽበታል፣ ጨዋታውን ጥሎት ይሄዳል፣ እሱም ልኩን ያውቃል። ይህን ሳይማር የመጣ ቡችላ ትምህርቱን የሚጀምረው የልጅዎ እጅ ላይ ነው።

ከሦስተኛው ሳምንት እስከ 12ኛው፣ ቢበዛ እስከ 14ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ለውሻ ጠባይ ከሁሉም ይበልጣል። በዚያ ጊዜ በሰላም ያየውን ነገር ሁሉ የኑሮው አካል አድርጎ ይቀበለዋል። ያላየውን ሲያድግ ይፈራዋል፤ ከሚነክሱት ውሾች ደግሞ ብዙዎቹ ፈሪዎች ናቸው። ስለዚህ ሲመጣ ጓሮ ወስዳችሁ አትደብቁት። አቅፈው በር ላይ ይቁሙ፦ ባጃጅ ይይ፣ ጃንጥላ የያዘ ሰው ይይ፣ ጋቢ የተከናነበ ሽማግሌ፣ ጀለቢያ የለበሰ ሰው፣ ከዘራ፣ የጫነ አህያ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ የልጅ መንጋ ይይ። አዛኑንም የቅዳሴውንም ድምፅ ማጉያ ይስማ። ክትባቱ እስኪያልቅ ድረስ ግን ሌሎች ውሾች የሚረግጡት መሬት ላይ አያውርዱት፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እነግርዎታለሁ።

ባለቤትዎ ስለ ሌባ ያሰቡት ትክክል ነው፤ ውሻ ለጥበቃ መያዝ ነውር የለውም። ቀን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት መታሰሩ ግን የሚፈልጉትን ጠባቂ አይሰጣቸውም። የታሰረ ውሻ መሸሽ እንደማይችል ያውቃል፣ የቀረው ምርጫ ማጥቃት ብቻ ነው። ስለዚህ ያለፈውን ሁሉ መጥላት ይማራል፤ ቆጣሪ የሚያነበውን ሰው፣ የተከራዩን እንግዳ፣ ኳሷ ያመለጠቻትን ሕፃን ከሌባው አይለይም። ሌባ የሚያባርረው ጩኸት ነው። ለመጮኽ ደግሞ ውሻው የቤቱን ሰዎች ለይቶ ማወቅና ቤቱን የራሱ ማድረግ ይበቃዋል፤ ይህንንም የሚማረው አብሯችሁ ሲውል ነው።

«ኃይለኛ እንዲሆን ጨለማ ክፍል ዝጉበት፣ ጆሮውን ቁረጡለት» የሚል መካሪም አይጠፋም። ጨለማ ቤት ያደገ ውሻ ሁሉን የሚፈራ ውሻ ይሆናል፣ ስለ ፈሪ ውሻ ከላይ ብዬዎታለሁ። ጆሮም ቢሆን የውሻ መነጋገሪያው ነው፤ ሲቆጣ፣ ሲፈራ፣ መጫወት ሲፈልግ በጆሮው ያሳያል። የተቆረጠበት ውሻ ምን እንዳሰበ ልጆችዎ ማንበብ አይችሉም። እኔ እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራም፣ የሚሠራ ሰው ጋም አልልክም።

ማሰር ግድ የሚሆንበት ሰዓት አለ፣ እሱን አልክድም። ያኔ በሁለት ምሰሶ መካከል ስምንት አሥር ሜትር ሽቦ ወጥረው፣ ሽቦው ላይ ቀለበት አስገብተው ማሰሪያውን ከቀለበቱ ጋር ያያይዙት፤ እየተንሸራተተ ወዲያ ወዲህ ይላል። ጥላውም፣ ውሃውም፣ ጎጆውም የሚደርስበት ቦታ ይሁን። አንገቱ ላይ ሰፊ ቆዳ ወይም ጨርቅ ያድርጉ እንጂ ሽቦ ወይም ሲባጎ አይሁን፤ ሁለት ጣት ማስገባት አለበት። ቡችላ በየሳምንቱ ያድጋል፣ ማሰሪያው ግን አያድግም። ገመዱ ሥጋው ውስጥ ሰምጦ፣ ቆዳው በላዩ ገጥሞ የሚመጣልን ውሻ ብዙ ነው፤ ባለቤቱ ሽታውን እንጂ ቁስሉን አላየም። በተረፈ የ2014ን ጥቅምት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያሳለፈ ሰው በድንገት ከቤት መውጣት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ያን ዓይነት ቀን ቢመጣ የታሰረውን ማን እንደሚፈታ አስቀድሞ የተነጋገረ ቤት ጥቂት ነው። ተነጋገሩ።

ሐጂን በተመለከተ ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ አይቁጠሩት። የወሎ ሰው ጎረቤቱን ላለማስቀየም ብዙ ነገር በሆዱ ይይዛል፤ እርስዎም ያውቁታል። ሄደው ያነጋግሯቸው። በሻፊዒ መንገድ ለሚሄድ ሙስሊም የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር መታጠብ አለበት። ስለዚህ የእሳቸው ጭንቀት ውሻው መኖሩ ላይሆን ይችላል፤ ለጥበቃ ውሻ መያዝ እንደሚፈቀድም፣ የተጠማ ውሻ ያጠጣ ሰው ምሕረት እንዳገኘም ከእኔ በላይ ያውቃሉ። የሚያስጨንቃቸው ውዱዕ አድርገው ሲወጡ ተንደርድሮ መጥቶ ልብሳቸውን የሚልስ ቡችላ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ገደማ ወደ መስጂድ ሲወጡ ደግሞ በባለቤትዎ ዕቅድ ውሻው ገና እንደተፈታ ነው! እርስዎም ኪዳን ለማድረስ የሚወጡት በዚያው ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ከ11 ሰዓት በፊት ተነሥቶ የሚይዘው ሰው ይኑር፤ ያ ሰው ስሙን የሰጠው ሰው ነው። ጎጆው ከቧንቧው፣ ከልብስ ማስጫውና ከእሳቸው በር ይራቅ። ሰው ላይ መዝለልን ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አያስለምዱት፤ ሲዘል ጀርባ ይስጡት፣ አራት እግሩ መሬት ሲነካ ያሻሹት። ቡችላ ሳለ ያሳቃችሁ ዝላይ 25 ኪሎ ሲሞላው አያስቅም።

ልጆቹ ይተኛ ስላሉት፣ አልጋው ይቅር። ደሴ ግን 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በሐምሌና በነሐሴ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቀው ትልቅ ሰው እንኳ ጋቢ ደርቦ ይንቀጠቀጣል። የሁለት ወር ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጓዳ ወይም በረንዳ ላይ፣ ካርቶን ውስጥ ማደር አለበት። ጎጆውን ሲሠሩለት ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል፣ በሩ ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዙር፣ ቆርቆሮው ሥር እንጨት ይግባ፣ ጭዱ ሲረጥብ ይቀየር። ጎጆውን አያስፉት፤ የሰውነቱ ሙቀት ነው የሚያሞቀው። የባለቤትዎ እህት ኮምቦልቻ ሆነው የሚያስቡት ስለ ጥላና ስለ ውሃ ነው፤ የእርስዎ ሐሳብ እርጥበትና ብርድ ነው።

ምግብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው በፍቅር ብዙ የሚያጠፋው እዚህ ነውና። «የምንበላውን እናካፍለዋለን» ይባላል። እኛ የምንበላው ወጥ ነው፣ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት ነው። ቀይም ሆነ ነጭ፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ውሻ በአንድ ጊዜ ከክብደቱ 0.5 በመቶ በላይ ከበላ ሊመረዝ ይችላል፤ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ 50 ግራም ማለት ነው፣ አንድ ትንሽ ራስ። የዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚበላ ለእርስዎ አልነግርዎትም። ጉዳቱ በዕለቱ አይታይም። ከቀናት በኋላ ይደክመዋል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይቀላል፤ ያኔ ሰው «ቡዳ በላው» ወይም «መርዝ አበሉት» ይላል። በወጥ የራሰ እንጀራ፣ የድስት እጣቢ፣ ፍርፍር አይስጡት። ከበዓል ማግስት የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እንዲሁ፤ ሲበስል እንደ መርፌ ይሰነጠቃል፣ አንጀት ይበሳል። ቸኮሌትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው።

ታዲያ ምን ይብላ? ከሥጋ ቤት ጨጓራ፣ የጭንቅላት ሥጋ፣ ትርፍራፊ ሥጋ ይግዙ፤ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ሽንኩርት በደንብ ይቀቅሉት፣ ከሩዝ ወይም ከበቆሎ ገንፎ ጋር ያቀላቅሉት። አልፎ አልፎ እንቁላል፣ ካሮት ወይም ዱባ ይጨምሩበት። ደረቅ እንጀራ ብቻ ሆድ ይሞላል እንጂ አጥንት አያጠናም፤ በእንጀራ ብቻ ያደገ ቡችላ የፊት እግሩ ሲጎብጥ እናያለን። እስከ ሦስት ወር በቀን አራት ጊዜ፣ እስከ ስድስት ወር ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ ይብቃው። ውሃ ሁልጊዜ ይኑር።

ጾም ሲገባ አንድ ችግር አለ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቤቱ ሽሮ ሲበላ ውሻውም ሳይጠየቅ አብሮ ይጾማል፤ እየከሳ ለፋሲካ ይደርስና በዓሉ ዕለት ጮማ ተጥሎለት በተቅማጥ ይመጣልናል። ደሴ ውስጥ ይህ ሰበብ አይሆንም። የሙስሊም ሥጋ ቤቶች በጾሙ ክፍት ናቸው፤ የክርስቲያን ሥጋ፣ የሙስሊም ሥጋ የሚባል ነገር ደግሞ ለውሻ አይሠራም። የሚቀቅሉበት ድስት ለብቻው ይሁን፣ በቃ።

ሥጋ ካነሣን አይቀር ከሁሉም በላይ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ይህን ነው። ለአረፋ ወይም ለፋሲካ በግ ሲታረድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ነጭ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። አራጁ «ይህ አይበላም» ይልና ቆርጦ ለውሻው ይወረውራል። ሁላችንም ያየነው ነገር ነው። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የአንድ ትንሽ የውሻ ትል ዕጭ ነው፤ ትሉ የኮሶ ዘር ነው፣ ርዝመቱ ግን ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያንሳል። ውሻው ሲበላው ሆዱ ውስጥ ያድጋል፣ ከስድስት ሰባት ሳምንት በኋላ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር መውጣት ይጀምራል። ውሻው አይታመምም፣ አይከሳም፣ ምንም አይታይበትም። እንቁላሉ ሣር ላይ ወድቆ በግና ከብት ይበሉታል፤ ከውሻው ፀጉር ወደ ልጅ እጅ፣ ከልጅ እጅ ወደ አፍ ሲሄድ ደግሞ ከረጢቱ የሚወጣው ሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ነው። ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል። ሰውየው ሆዱ አብጦ በቀዶ ሕክምና ሲገላገል የዛሬ አሥር ዓመት ያሻሸው ውሻ ትዝ አይለውም።

ስለዚህ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለውሻ አይሰጥም፣ ጤናማ ቢመስልም። ከረጢት ያለበት ጭራሽ አይሰጥም፤ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ሌላው ሥጋ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይንተክተክ። ከመድኃኒት ቤት «የትል» ተብሎ የሚገዛው ኪኒን ሁሉ ይህን ትል አይገድለውም፤ የሚገድለው ፕራዚኩዋንቴል የሚባለው ነው፣ በየስንት ጊዜው እንደሚሰጥ ሐኪሙ በአኗኗሩ ይወስናል። ጥሬ ሥጋ ለሚያገኝ ውሻ በየስድስት ሳምንቱ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ቡችላ ከእናቱ የሚወርሳቸው ድቡልቡል ትሎች አሉ፤ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ ሁለት ወር፣ ከዚያ በየወሩ እስከ ስድስት ወር፣ ኋላም በየሦስት ወሩ መድኃኒት ይፈልጋል። ሰገራው በየቀኑ ይነሣ። ልጆቹም ከተጫወቱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፣ ፊታቸውን አያስልሱት።

ክትባት። ፓርቮና ዲስቴምፐር ለሚባሉት፣ ቡችላ ለሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመራል፣ በየሦስት አራት ሳምንቱ እየተደገመ እስከ አራት ወር ይሄዳል። መድኃኒቱ በየክሊኒኩ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ቡችላው ሳይመጣ ጠይቀው ቀጠሮ ይያዙ፤ ደሴ ውስጥ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ስላለ የሚጠይቁት ባለሙያ አያጡም። መሬት አያውርዱት ያልኩዎት ለፓርቮ ነው። ቫይረሱ ውሻ ያስቀመጠው አፈር ላይ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ግቢያችሁ ውስጥ ባለፈው ዓመት ቡችላ ደም አስቀምጦት ሞቶ እንደሆነ ተከራዮቹን ይጠይቁ፤ ከሆነ ሲሚንቶውን አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጠው ይጠቡት። ትውከት፣ ከዚያ ክርፋቱ የተለየ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካዩ «ነገ ይሻለዋል» አይበሉ፤ ቡችላ የሰውነቱ ውሃ ካለቀ በአንድ ሌሊት ይሞታል።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስት ወሩ ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያም በየዓመቱ። ይህ ለድርድር አይቀርብም። በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፣ ከመቶ 99ኙ በውሻ ምክንያት ነው፤ ከሞቱት ውስጥ ልጆች ብዙ ናቸው። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም። ከአንድ ከተማ ውሾች 70 በመቶው ሲከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። የሚንከራተተውን ውሻ በተመረዘ ሥጋ መጨረስ ግን ይህን አያመጣም፤ የተገደሉትን ቦታ ከዳር የመጡ ያልተከተቡ ውሾች ይይዙታል፣ መርዙንም የሰው ውሻና አሞራ ይበላዋል።

ምልክቱን በተመለከተ ሰው የሚያውቀው ግማሹን ነው። «ውሃ ካልፈራ አላበደም» ይባላል። ውሃ መፍራት የሚታየው በሰው ላይ ነው፤ ያበደ ውሻ የቦርከናን ወንዝ አቋርጦ ሊሄድ ይችላል። እኔ የምጠይቀው የጠባይ ለውጥ ነው፦ ዓይናፋሩ ድንገት ይለማመጣል፣ ለማዳው ይሸሻል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ድንጋይና እንጨት ይበላል። ሁለተኛው ዓይነት ከዚህ ይከፋል። ውሻው አይናከስም፣ መንጋጋው ወርዶ ለሐጩን እያዝረበረበ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ደግ ሰው «አጥንት ቀርቅሮበት ነው» ብሎ እጁን ጉሮሮው ውስጥ ይከታል። እባክዎ ይህን ለልጆችዎም ይንገሩ።

ሰው ከተነከሰ፣ የማንም ውሻ ይሁን፣ ቁስሉ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይታጠብ። በሰዓት ይያዙት፣ 15 ደቂቃ ከሚያስቡት በላይ ይረዝማል። ከዚያ ቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። የድሮውን ሆድ ላይ የሚወጋውን የብዙ ቀን መርፌ ሰምተው የሚፈሩ አሉ፤ አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ በጥቂት ቀጠሮ የሚያልቅ ነው፣ ቀጠሮው ግን አንዱም አይዘለልም። ጸበሉም ዱዓውም ከመርፌው ጋር ይሁን፣ በመርፌው ፈንታ አይሁን፤ ሥር እናጠጣለን የሚሉትን ተከትሎ የባከነ ሳምንት አይመለስም። ውሻውን አትግደሉት፣ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ሲነክስ በሽታውን እያስተላለፈ ከነበረ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል፤ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ንክሻው በሽታውን አላስተላለፈም። መግደል ግድ ከሆነ ጭንቅላቱ አይመታ። ምርመራው የሚሠራው አንጎሉ ላይ ነው፣ በድንጋይ የተፈጨ ጭንቅላት ለላቦራቶሪ አይጠቅምም።

ወንድ ነው፣ አይወልድብንም ብለው ማኮላሸቱን አይተዉት። ያልተኮላሸ ወንድ ሴት በሸተተው ቁጥር አጥር ይዘላል፣ ይደባደባል፣ ይጠፋል። ከዚያ በግንኙነት የሚተላለፍ የብልት ዕጢ ይዞ ይመለሳል፤ ብልቱ ደም ሲያንጠባጥብ «ሽንቱ ነው» ብለው ወራት ያሳልፋሉ። ዕጢው በየሳምንቱ በሚሰጥ መርፌ ይድናል፣ ግን መድኃኒቱ ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ያስኮላሹት። ጥበቃውን አይተውም፤ ቤቱን የሚጠብቀው ስለሚያውቀው ነው። ለባለቤትዎ እህትም እናትየዋን እንዲያስመክኗት ይንገሯቸው። ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ወንድ ትፈልጋለች፣ በ63 ቀን ገደማ ትወልዳለች፤ የሚወስዳቸው ያጡ ቡችሎች የት እንደሚጣሉ ሁላችንም እናውቃለን።

ስለ ቀረው ባጭሩ። እከክ ሲይዘው የተቃጠለ የመኪና ዘይት አይቀቡት፤ ይልሰዋል፣ ቆዳውም ይጠጣዋል። ለከብት የተገዛ መርፌ ወይም የሚረጭ መድኃኒት በግምት አይስጡት። ሲያነክስ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል አያቅምሱት። መዥገር ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል ይፈልጉለት። ልጆቹ ሲበላና ሲተኛ አይንኩት፤ ለ6 ዓመቷ ወይም ለ6 ዓመቱ ልጅዎ ይህን ሕግ ማስተማር ውሻውን ከማስተማር ይከብዳል፣ ስለዚህ አብረው ሳሉ ትልቅ ሰው ይኑር። ማታ ዳር ዳሩን ጅብ ስለሚመጣ በሩ ይዘጋ።

አሁን ለባለቤትዎ እህት ይደውሉ። እናትየዋ የእብድ ውሻ ክትባት ወስዳ እንደሆነ፣ ወረቀቱም ካለ ይጠይቋቸው፤ ለእሷም ለቡችሎቹም የትል መድኃኒቱን ዛሬ ይጀምሩ። ሁለት ወር ሲሞላው ሊያመጡት ሲሄዱ፣ ኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ከ600 ሜትር በላይ ዳገትና ብዙ ጠመዝማዛ ስላለው ሳይበላ ይሳፈር፤ አለበለዚያ ያስታውከዋል። የተወለደበትን ጨርቅ ሳይታጠብ አብሮ ካርቶን ውስጥ ይክተቱለት፣ ማታ ማታ ልቅሶውን ይቀንሰዋል። ሲበላ የነበረውንም ምግብ ለሳምንት ያህል እንዲሰጡዎት ይጠይቁ፤ የቦታና የምግብ ለውጥ በአንድ ቀን ከመጣ ያስቀምጠዋል። ወደ ሐኪም ሲሄዱ ትንሽ ሰገራ በንጹሕ ዕቃ ይያዙ፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ያልቆየ ይሁን።